ታስሮ የተቆረጠ ሽቦ

ምግብ ላይ ከሆንክ መጀመሪያ ጨርስ፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ተመለስ፣ ምክንያቱም የምነግርህ ነገር ሆድ ያገላብጣል፣ እኔ ራሴ ይቺን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ቁርሴን ሳልበላ ነው። ደግሞ ከወዲሁ እወቀው፣ እኔ በመተት፣ በቡዳ፣ በዛር ምናምን የማምን ሰው አልነበርኩም። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነው፣ ተማሪ መጥቶ «ይሄ ማሽን ሰይጣን አለበት» ሲለኝ የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅዬ መዳፉ ላይ የማስቀምጥለት እኔ ነኝ፣ ለቅሶ ቤት ሰዎች ጅብ ስለሚሆን ሰው ማውራት ሲጀምሩ ጫማዬን ፈልጌ እወጣ ነበር። መለኪያ ያላሳየው ነገር የለም ማለት ነው ባይ ነበርኩ።

ሁለተኛ፣ ተጸያፊ ነኝ፣ ያውም ክፉኛ። ዝንብ ያረፈችበትን ዳቦ ጠርዙን ቆርጦ መብላት የሚባል ነገር እኔ ጋ የለም፣ ዳቦው በሙሉ ይጣላል። ወጥ ውስጥ ፀጉር ካየሁ ለሳምንት ያንን ወጥ አልቀምስም። ሚስቴ ትዕግሥት ነፍሰ ጡር ሳለች «አንተ ልጅ ሲመጣ ምን ልትሆን ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ግን በዚህ ነገር አትስቅም።

የምንኖረው ደብረ ታቦር ነው፣ ጋሽ አለነ የሚባሉ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለችውን ሁለት ክፍል ተከራይተን። እኔ ደግሞ አንድ ሱስ አለብኝ፣ የአማተር ሬዲዮ፣ በገዛ ሬዲዮህ ከማታውቀው አገር፣ ከማታውቀው ሰው ጋር «እንዴት ዋልክ፣ ዝናብ አለ ወይ» የምትባባልበት ነገር፣ ጥቅም የለውም፣ ግን አንዴ ከያዘህ አይለቅህም። ፈቃድ አለኝ፣ ወረቀቱን ቀበሌም ጋሽ አለነም አይተውታል፣ በዚህ በኩል ችግር አልነበረም።

ችግሩ መሬቱ ነው። አንቴናው ራሱ ቀላል ነው፣ አምስት ሜትር የምትሆን የአሉሚኒየም ቱቦ ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ፣ አለቀ። ነገር ግን ከእግሩ ሥር ወደ ዙሪያው የመዳብ ሽቦዎች አፈር ውስጥ ካልዘረጋህ ጉልበትህን ሁሉ መሬት ይበላዋል፣ የሚደርስህም ድምፅ ኮሽታ ብቻ ይሆናል። መጽሐፉ ሽቦዎቹ እንደ ጃንጥላ ዘንግ በየአቅጣጫው እኩል ይዘርጉ ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የጋሽ አለነን ግቢ አላየም። በአንድ በኩል የእኛ ቤት፣ በሌላው የጎረቤት ግንብ፣ በሦስተኛው ሽንት ቤት፣ መሀሉ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ የተረፈው አፈር ከሽንት ቤቱ ጀምሮ ግንቡን ታኮ እስከ ጥግ የሚሄድ፣ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ረጅም ካልሆነልህ አጫጭር ብዙ ዘርጋ ይባላል፣ ስለዚህ ስድስት አጫጭር ሽቦ እንደምንም ዘረጋሁ፣ አንዱን በድንጋይ ንጣፉ ስንጥቅ፣ አንዱን በሽንት ቤቱ መሠረት ዙሪያ እያጠማዘዝኩ፣ ሰባተኛዋን ረጅሟን ግንቡን አስታክኬ ወደ ጥጉ ወሰድኳት።

ያ አፈር ምን እንደነበረው ልንገርህ? የሰው ፀጉር፣ እንደ ኳስ የተድበለበለ። የዶሮ እግር፣ ከነጥፍሩ። የስንት ዓመት እጣቢ የተደፋበት ስለሆነ ዶማው በገባ ቁጥር ጥቁር ስብ የመሰለ ነገር ጢቅ እያለ ሱሪዬ ላይ ይወጣል፣ ሽታው አፍንጫ ውስጥ አይቀርም፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ በሁለት ድርብ ጓንት ነው የቆፈርኩት፣ ጋሽ አለነ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀዶ ጥገና ነው ወይ እያሉ ሲያሾፉብኝ ዋሉ።

ጥጉ ላይ ስደርስ ግቢው አለቀ፣ ሽቦው ግን አላለቀም። መቁረጥ ነበረብኝ። ሳሳሁ፣ እንዲህ ያለ መዳብ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከባሕር ዳር ነው ያስመጣሁት። ስለዚህ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ማስኩና ትርፉን ጠቅልዬ ልቀብረው ነው ብዬ ጥቅሉን አፋፉ ላይ አስቀምጬ እጄን ልታጠብ ስገባ፣ ትዕግሥት ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ባጃጅ ጠራሁ፣ ሽቦውንም ጉድጓዱንም ረሳሁት።

የትዕግሥት እናት እማማ አንጓች ከጉና ተራራ ሥር ከመጡ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በአገራቸው ስንቱን ያዋለዱ ሴት ናቸው፣ እንደ አገራቸውም ወግ አማችን አንተ አይሉም፣ እኔን ልጃቸው የምሆነውን አንቱ ነው የሚሉኝ። ሆስፒታል ሌሊቱን አብረውን አደሩ፣ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ተወለደች፣ እሳቸው ገንፎ ላዘጋጅ ብለው ቀድመውን ወደ ቤት ሄዱ። እኛ በማግሥቱ ስንመለስ ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ተረግጧል፣ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦበታል፣ ከሥሩ ሽቦዬ ወጥታ ወደ አንቴናው ተዘርግታለች። ጋሽ አለነ ሰው እንዳይገባበት ደፍነውልኝ ይሆናል አልኩና ደስ አለኝ፣ ማንንም አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን ሰባተኛዋን ሽቦ ከአንቴናው እግር ጋር አሰርኳትና ከፈትኩት። እመነኝ፣ ከዚያ በፊት እንደሚቆላ ገብስ ሲንጣጣ የኖረ ሬዲዮ ጭጭ አለ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው፣ ከሩቅ ያለው የሚሰማበት ሰዓት፣ አንድ ሽማግሌ ከየት አገር እንደሆነ እንጃ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ያህል ድምፃቸው መጣ፣ ሲያስሉ እንኳ ሰማኋቸው። ማይኩን ጨብጬ መለስኩላቸው። ያኔ ከውስጥ ክፍል ልጃችን ሚጡ ጩኸቷን ለቀቀችው።

አራስ ልጅ ያለቅሳል፣ ምን ይደንቃል አልኩ። ሳምንት ሲሞላ ግን ትዕግሥት መጥታ አንተ ሬዲዮው ላይ ስታወራ ጡቱን ትተፋዋለች አለችኝ። ድምፄ አስደንግጧት ነው ብዬ ማውራቱን ተውኩና በሞርስ ቁልፍ፣ ፊደሉን በአጭርና በረጅም ምት በሚልከው፣ መምታት ጀመርኩ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር የለም፣ ጣት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እሱም ሲሆን ትተፋዋለች። እኔ የቤተ ሙከራ ሰው ነኝ አይደል፣ በሩን ዘጋሁና ትዕግሥትን ልጅቷ ጡቱን በለቀቀች ቁጥር ግድግዳውን በጣትሽ ምቺ አልኳት። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ግድግዳው ኳ። ደቂቃ እቆያለሁ፣ እጫናለሁ፣ ኳ። ሆን ብዬ ረጅም ጊዜ ዝም አልኩ፣ ግድግዳውም ዝም። አሁንስ ብዬ ጫን ሳደርገው፣ ኳ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አንድም አልሳተም።

ከዚያ ደግሞ ድምፁ መጣ። ማንም በማያወራበት ሞገድ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ሳለሁ፣ በጣም ቀርቦ፣ እርጥብ ነገር፣ ጭጥ፣ ጭጥ፣ ጭጥ፣ ጉጭ። የአንቴናው ገመድ ውኃ ገብቶበታል ብዬ ፈታሁት፣ ደረቅ ነው፣ መልሼ አሰርኩት፣ ጭጥ፣ ጭጥ፣ ጉጭ፣ ከዚያ አየር የሚስብ ትንፋሽ። የማዳመጫውን ረጅም ገመድ እየጎተትኩ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ትዕግሥት ልጅቷን ታጠባለች። የሚጡ አገጭ ከፍ ዝቅ ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ጆሮዬ ውስጥ ጭጥ ይላል፣ ስትውጥ ጉጭ ይላል፣ ምራቋና ወተቷ ጆሮዬ ውስጥ የሚንቆረቆር መሰለኝ። ሌላ አባት ቢሆን እንባ ይመጣበት ይሆናል፣ እኔ ግን አቅለሸለሸኝ፣ ማዳመጫውን ወርውሬ ጆሮዬን በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜም ታጠብኩ። አፍሬም ነበር።

በል አለቀ አልኩና ሰባተኛዋን ሽቦ ከአንቴናው ፈታኋት፣ ሬዲዮውንም አጠፋሁ። ክፉው ነገር የመጣው ያኔ ነው። እስከዚያ ሬዲዮው ቢጠፋም ትጠባ የነበረችው ሚጡ ጨርሶ ጡት አልያዝ አለች። ቀኑን ሙሉ አፏን ገጥማ፣ ፊቷን አዙራ፣ እማማ አንጓች ቅቤ በጣታቸው ቢያልሷት፣ ትዕግሥት ወተቷን አልባ በማንኪያ ብትሞክር፣ ሁሉም በአገጯ ወርዶ አንገቷ ሥር ይኮመጥጣል። ሲመሽ ትዕግሥት አልቅሳ አልቅሳ «እስቲ ያንን ነገርህን ክፈተው» አለችኝ። ሽቦውን አሰርኩ፣ ከፈትኩት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ጡቱን ፈለገች።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አፏን አየች፣ የእናቷን ጡት አየች፣ ሁሉ ደህና ነው፣ ግን ሚዛኑ ወደ ኋላ ሄዷል አለች፣ እንዲህ ከቀጠለች ባሕር ዳር ውሰዷት አለች። ምን ልበላት? ልጄ የምትጠባው ሬዲዮ ሲከፈት ነው ልበል? ቤት ስመለስ ማይኩንም ቁልፉንም ነቅዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩ፣ ሬዲዮው ግን ቀን ከሌት አልጠፋም፣ መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥ ከአንድ ሹፌር የመኪና ባትሪ ተዋስኩ። ያን ሰሞን ደግሞ የደብረ ታቦር መብራት እንደምታውቀው ነው።

አንድ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ሽቦዋን ላያት ወጣሁ፣ የሆነ ነገር ነክቷታል ብዬ። ጥጉ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል እማማ አንጓች ከኋላዬ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ።

«ይተዉት፣ አይንኩት» አሉ። «የልጅዎ እንግዴ ልጅ ነው ያለው።»

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሆስፒታል ለምነው በፌስታል ተቀብለው ነው የመጡት፣ በእሳቸው አገር እንግዴ ልጅ እንደ ቆሻሻ የትም አይጣልም፣ ከግቢ ይቀበራል። ቤት ሲደርሱ ከሰው ዓይን የራቀ ጥግ ላይ፣ ልክ የሚያህል ጉድጓድ፣ አፈሩ ትኩስ፣ ተምሶ ይጠብቃቸዋል። እኔ ለዚያ የማስኩት መሰላቸው። «እንደርስዎ ያለ የከተማ አማች አላየሁም ብዬ እዚያው ቆሜ መረቅሁዎ» አሉኝ። ሽቦዬስ ስላቸው፣ እሱንም ያዘጋጀሁላቸው መስሏቸው፣ ውሻ ምሶ እንዳያወጣው፣ ጥቅሉን ፈትተው ሥጋው ላይ ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው ጠምጥመውታል።

ሄጄ አስመለስኩ። ሽንት ቤት እንኳ አልደረስኩም፣ ግንቡ ሥር። ለሳምንታት በዚህ እጄ የያዝኳት ሽቦ፣ በጥርሴ የላጥኳት ሽቦ፣ ጫፏ የት እንደነበር ሳስበው።

አውጥቼ ልጣለው አልኩ። እማማ አንጓች የተቀበረ አይወጣም፣ ልጅቷ ሳትጠመቅ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም አሉ፣ ትዕግሥት ከእናቷ ጋር ወገነች፣ በልጄ አትሞክርባት አለችኝ። እኔም እውነቱን ልንገርህ፣ ማውጣቱን የፈለግሁት ለልጅቷ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ያ ነገር ከሬዲዮዬ ጋር ተያይዞ ግቢ ውስጥ መኖሩ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው። እንዲሁ ስንጓተት ቆየን፣ መብራቱ ጠፍቶ ሁለት ቀን እስኪሆነው ድረስ።

በሁለተኛው ቀን ባትሪው ደከመ። የሬዲዮው መብራት ሲደበዝዝ የሚጡ መጥባት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ሲጠፋ ጡቱን ለቀቀች። ባትሪ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፣ ያገኘሁትም ውስጡ ዱቄት ሆኖ የማይሠራ ነበር። እስከ ማግሥቱ ረፋድ ድረስ ጠብታ አልገባላትም፣ ማልቀሱንም ተወችው፣ አናቷ ላይ ያለው እርግብግቢት ጎድጉዷል፣ ትዕግሥት አቅፋት ትወዛወዛለች። ዶማውን አንስቼ ወጣሁ። እማማ አንጓች ተከተሉኝ፣ በዚህ ጊዜ ክንዴን አልያዙኝም።

ድንጋዩን አነሳሁ፣ በእጄ ጫርኩ። እንግዲህ አስበው፣ ከአምስት ሳምንት በላይ በክረምት አፈር ውስጥ የቆየ ሥጋ ነው፣ እኔ ለትል፣ ለክርፋት ተዘጋጅቼ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ክርፋት የለውም። የሚሸተው የሕፃን አንገት ነው፣ ለብ ያለ ወተት፣ እሱ ደግሞ ከክርፋት ይብሳል። ቀይ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ከላዩ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ሽቦው የተጠመጠመበት ቦታ አይታይም፣ ዛፍ ሚስማር እንደሚውጥ ሥጋው መዳቡን ውጦት ገጥሟል፣ አንዲት ጭራ ብቻ ናት የምትወጣው፣ እሷም ወደ አንቴናዬ የምትሄደዋ። በጣቴ ነካኋት። ትሞቃለች። ደግሞም ትመታለች፣ ቀስ እያለች፣ ልክ የደከመ ልብ እንደሚመታ።

ፒንሳዬን አወጣሁ፣ ልቆርጣት ስል እማማ አንጓች እጄን ገፋ አደረጉት።

«ይቆዩ። እንዲያው አይቆረጥም» አሉኝ፣ የድምፃቸው እርጋታ ነው የገረመኝ። «እትብት ታስሮ ነው የሚቆረጥ። ሳይታሰር ከተቆረጠ ልጅቱ ትፈሳለች።»

ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘዙ፣ በጥርሳቸው በጠሱት፣ ተንበርክከው ሽቦዬን ከሥጋው አጠገብ አሰሩ፣ ጣት የሚያህል ትተው ሌላ ክር አሰሩ፣ ስንቱን ሲያስሩ የኖሩ እጆች ናቸው። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው፣ መዳብ ሽቦ በጥጥ ክር ሲታሰር ቆሜ አየሁ፣ አልሳቅሁም። «አሁን በመሀሉ» አሉኝ። ቆረጥኩ።

ከሥጋው በኩል ደም ቢወጣ ያን ያህል ባልገረመኝ። ከዚያ በኩል ምንም አልወጣም። ከአንቴናው በኩል ነው የወጣው፣ ክሩን አልፎ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሁለት ጠብታ፣ ጫማዬ ላይ። እመነኝ፣ ሌላ ምንም አልልህም፣ ሁለት ጠብታ ነው። ወዲያው ከቤት ውስጥ ሚጡ ጮኸች፣ ሆስፒታል የተወለደች ዕለት የሰማሁት የመጀመሪያ ጩኸቷ ራሱ፣ ከዚያ ጸጥ አለች፣ ሮጬ ስገባ ጡቱን ይዛ ትስባለች፣ ትዕግሥት ታለቅሳለች፣ ሬዲዮው እንደጠፋ ነው።

እማማ አንጓች አፈሩን መልሰው፣ ድንጋዩን መልሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ገንፎ ሠሩ። እኔን ይብሉ ሲሉኝ በላሁ፣ በምን ሆዴ እንደሆነ አላውቅም። ስድስቱን ሽቦ በማግሥቱ ነቀልኳቸው፣ ደረቅ፣ ንጹሕ መዳብ ናቸው፣ አንድም ነገር የለባቸውም። ጫማዬን አቃጠልኩት። ሬዲዮውን ለቤተ ሙከራው ሰጠሁ። ሚጡ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፣ ሚዛኑም ወደ ፊት ሄደ፣ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጉንጯ የሚፈነዳ፣ አፏ የማያርፍ፣ ጤነኛ ልጅ። እወዳታለሁ። ስትጠጣ ግን ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ፣ ትዕግሥት ታውቃለች፣ አትጠይቀኝም።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ባለፈው ቅዳሜ በሆነው ነገር ነው። ከወረታ በሚኒባስ እየተመለስን ነበር፣ ሰው ጢም ብሏል፣ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፣ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ሚጡ ጠማኝ አለች፣ እናቷ የውኃውን ፕላስቲክ ሰጠቻት፣ እኔ መውጫ ስላልነበረኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዘፈኑ ቀጥ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ከፊትም ከኋላም ካለው ስፒከር፣ ጭጥ፣ ጭጥ፣ ጉጭ። ሚጡ ትንፋሽ ለመውሰድ ፕላስቲኩን ከአፏ ስታነሳ ሴትዮዋ ከተወችበት ዘፈነች፣ መልሳ ስትጎነጭ ዘፈኑ ጠፋና ያ ድምፅ መጣ፣ ጉጭ፣ ጉጭ፣ ከዚያ ያ ትንፋሽ። ፊታችን የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ፊታቸውን አጨማደዱ። ትዕግሥት ጉልበቴን ጨመደደችው፣ አልተያየንም።

ሹፌሩ ሬዲዮውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ይሄ ነገር ምን ነካው አለ። ሚጡ ውኃውን ወደ አፏ እያስጠጋች በኋላ ማሳያው መስታወት አየችው፣ ፈገግ አለችለት። እኔ ወራጅ አለ ብዬ ጮኽኩ። ደብረ ታቦር ገና ሩቅ ነበር፣ አለምበርን እንኳ አላለፍንም።